ኢንስፔክተር ስትቀጥሩ ወሬውን ትታችሁ ማይክሮሜትሩን ስጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። ክፍት የሥራ ቦታ ገፃችሁ ላይ "ኳሊቲ ኢንስፔክተር"፣ "ሲኤምኤም ኦፕሬተር" (ሲኤምኤም ዕቃን ነጥብ በነጥብ እየነካ የሚለካ ማሽን ነው)፣ "የልኬት ቴክኒሺያን" እየተባለ የሚወጣውን ማስታወቂያ አንድም ሳላልፍ ነው የማነበው፣ ሙያዬ ስለሆነ። ፋብሪካ ውስጥ ኳሊቲ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከጠያቂዎቹ ወገን ሆኜም ብዙ ኢንተርቪው ላይ ተቀምጫለሁ። ማስታወቂያዎቹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል፣ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፣ ይሄን ያህል ዓመት ልምድ፣ ይሄን ሶፍትዌር የሚያውቅ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫና የሚቋቋም። ከዛ ሰው ይጠራል፣ ሦስት አራት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል፣ እስቲ ስለ ራስህ ንገረን ይባላል፣ ጥሩ አድርጎ ያወራው ያልፋል። ማይክሮሜትር (የዕቃ ውፍረት በጥቃቅኑ የሚለካበት የእጅ መሣሪያ) እንዴት እንደሚይዝ ግን ማንም አላየውም። ሰውን ለልኬት ሥራ እየቀጠሩ ሲለካ ሳያዩት መቅጠር መቅረት አለበት ነው የምለው፣ ይቺን ደብዳቤም የምጽፈው ለዚሁ ነው።

ሥራውን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። አንድ ሻፍት (ክብ ዘንግ) ቶርኖ ላይ ወይም ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን) ላይ ተሠርቶ ወጣ እንበል፣ ድሮዊንጉ (የዕቃው ንድፍ) ዲያሜትሩ 25 ሚሊሜትር ይሁን፣ ሲበዛም ሲያንስም ከ0.01 አይለፍ ይላል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚ የምናወራው ከአንድ ፀጉር ውፍረት አምስተኛውን ወይም አስረኛውን ስለሚያክል ልዩነት ነው። ሻፍቱ ትንሽ ከወፈረ ኩሽኔታው አልገባ ይላል፣ በመዶሻ ተመትቶ ከገባ ደሞ ኩሽኔታው ያኔውኑ ተበላሽቷል፣ ከቀጠነ ውስጥ ለውስጥ እየተንሸራተተ ይሞቃል ይበላል በመጨረሻም ማሽኑን ይዞ ይቆማል። ኢንስፔክተሩ ይለፍ ወይም ይመለስ የሚለው ሰው ነው፣ ከሱ በኋላ ዕቃውን የሚያየው ደንበኛው ነው። የአንድ ሰው ንባብ ትክክል ካልሆነ ጥሩው ዕቃ ስክራፕ ተብሎ ይጣላል ወይ መጥፎው ታሽጎ ይወጣል፣ ሁለቱም ኪሳራ ነው፣ ሁለተኛው ግን ሰው ላይም ሊደርስ ይችላል፣ ፍሬን ላይ የሚገባ ዕቃ ሊሆን ይችላላ።

ቁጥር ማንበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኮ ማንም በአንድ ቀን ይለምደው ነበር፣ ዲጂታሉ ራሱ ስክሪን ላይ ያወጣዋል። ሙያው ያለው ቁጥሩን ማመን ያለብህ መቼ እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው። ሙቀትን ብቻ እንኳን ብናነሳ፣ የርዝመት ልኬት በመላው ዓለም የሚነገረው ዕቃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲሆን ስንት ነው ተብሎ ነው፣ ይሄ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነው እንደ ፈረንጆቹ በ1931 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። አሉሚኒየም በአንድ ሜትር ርዝመት ለእያንዳንዷ ዲግሪ 0.023 ሚሊሜትር ያህል ይለጠጣል፣ ብረት ደሞ የዛን ግማሽ ገደማ። እንግዲህ 200 ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ዕቃ ከማሽን ሲወጣ 35 ዲግሪ ቢሆን፣ ገና ሳይቀዘቅዝ የለካው ሰው ወደ 0.07 ሚሊሜትር የሚጠጋ ትርፍ ያነባል። የድሮዊንጉ ቶለራንስ (የሚፈቀደው ልዩነት) 0.02 ከሆነ ልኩ ሙሉ በሙሉ ዋጋ የለውም ማለት ነው፣ ኦፕሬተሩ ትልቅ ነው ተብሎ ማሽኑን ያስተካክላል፣ ዕቃው ሲቀዘቅዝ ሁሉም አንሶ ይገኛል። ለዚህ ነው አመልካቹን "ዕቃው አሁን ከማሽን ወጣ፣ ፕሮዳክሽኑ ቶሎ በሉ እያለ ነው፣ ምን ያደርጋሉ?" ብሎ መጠየቅ ትልቅ ጥያቄ የሆነው፣ በእጄ ነክቼ ሙቀቱን አያለሁ፣ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ሰርፌስ ፕሌቱ (ጠፍጣፋው የልኬት ጠረጴዛ) ላይ አስቀምጠዋለሁ የሚል ሰው ሥራውን የሠራ ሰው ነው። ዲግሪውን በቁጥር ባያስታውስ እንኳን ግድ የለኝም።

አሁን ወደ ማስታወቂያዎቹ ልመለስ። የዓመት ልምድ የሚባለው ነገር ላይ ቀጣሪዎች ከሚገባው በላይ ነው የሚተማመኑት። ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሀንተር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1998 የ85 ዓመት ጥናት አንድ ላይ ጨምቀው ሲያወጡ፣ ሥራውን ራሱን አሠርቶ መፈተን ከሠራተኛው የኋላ ውጤት ጋር ያለው ኮሪሌሽን (ዝምድና፣ ወደ 1 በቀረበ ቁጥር የጠነከረ ነው) 0.54፣ እንዲሁ በመጣ የሚጠየቅ ልቅ ኢንተርቪው 0.38፣ የልምድ ዓመት ብዛት ደሞ 0.18 ብቻ ነበር። በ2022 ፖል ሳኬት እና ባልደረቦቹ ስሌቱን እንደገና ፈትሸው ቁጥሮቹን በአብዛኛው ዝቅ አድርገዋቸዋል፣ የሥራ ፈተናውም ወርዷል፣ አናት ላይ የወጣው ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ተዘጋጅቶ አንድ ዓይነት ነጥብ አሰጣጥ ያለው ኢንተርቪው ነው፣ 0.42። የልምድ ዓመቱ ግን በሁለቱም ጊዜ ታች ነው። እኔ በዓይኔ ካየሁትም ይሄው ነው፣ አስር ዓመት ሠራሁ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት አስር ጊዜ ደግሞት ሊሆን ይችላል፣ ሁልጊዜ አንድ ዕቃ፣ ሁልጊዜ አንድ ጎ ኖጎ ጌጅ፣ ገባ አልገባ፣ በቃ። ሁለት ዓመት የሠራው ደሞ በየሳምንቱ አዲስ ድሮዊንግ እየመጣለት ብዙ ተምሮ ሊሆን ይችላል። ሲቪው ላይ ግን አስሩ ነው የሚያሸንፈው።

ስለዚ የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዕቃ፣ የዕቃውን ድሮዊንግ፣ አንድ ካሊፐር (መንጋጋ ያለው ተንሸራታች መለኪያ)፣ አንድ ማይክሮሜትር፣ ጥቂት ጌጅ ብሎክ (ልካቸው በትክክል የታወቀ ቁራጮች)፣ ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ከፍታና ዝቅታ በመርፌ የሚያሳይ) ከነማቆሚያው፣ ቪ ብሎክ (ክብ ዕቃ የሚያርፍበት የቪ ቅርፅ ያለው ማስቀመጫ) እና አንድ ንፁህ ጨርቅ አስቀምጡ። ወረቀትና እስክርቢቶም ስጡት። ይሄንን ይለኩልኝና ያገኙትን ጽፈው ይስጡኝ በሉት፣ ከዛ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ዋና ነገር ነው፣ ጠያቂ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያወራና ሰውየውን ጥሩ ነበር ብሎ ይወጣል። አርባ ደቂቃ ይበቃል፣ አርባ ደቂቃ ውስጥ እጁ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ምን እንደሚታይ በዝርዝር ልናገር፣ ምክንያቱም ኢንተርቪው የሚያደርጉት የሰው ኃይል ክፍል ሰዎች ይሄንን የሚነግራቸው የለም። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ማይክሮሜትሩን እንዳነሳ ወዲያው ዕቃው ላይ አያሳርፈውም። መጀመሪያ የሚነክሱትን ሁለቱን ፊቶች ያብሳቸዋል፣ አንዳንዱ ንፁህ ወረቀት መሃል አስገብቶ ቀስ ብሎ ይዘጋና ወረቀቱን ይስበዋል፣ ብናኙ አብሮ ይወጣል። ቀጥሎ ዘግቶ ዜሮውን ያያል፣ ወይም ጌጅ ብሎክ ነክሶ ያነበበው ልክ መሆኑን ያረጋግጣል። ዕቃውንም ያብሳል፣ ጠርዙን በጥፍሩ ዳስሶ ሲቆረጥ የቀረ ስለት ካለ ያያል፣ ምክንያቱም ያቺ ስለት ብቻዋን ልኬቱን ታበላሸዋለች። ሲለካ ደሞ እንደ ብሎን አጥብቆ አይዘጋውም፣ ጫፉ ላይ ክሊክ ክሊክ የምትለዋን ማዞሪያ ይጠቀማል፣ ሁልጊዜ እኩል ጉልበት እንዲሆን። አንድ ቦታ ለክቶ አይበቃውም፣ ዳር ላይ መሃል ላይ ሌላው ዳር ላይ፣ ከዛ ዕቃውን ሩብ ዙር አዙሮ እንደገና። ያገኘውን ሁሉ ይጽፋል፣ የወደደውን መርጦ አይደለም። ይሄ ሁሉ ማብራሪያ ሳይጠየቅ በራሱ ሲመጣ ማየት ነው ኢንተርቪው የሚባለው።

ካሊፐሩን ሆን ብዬ ነው አብሬ አስቀምጡ ያልኩት። ቶለራንሱ ጠበብ ያለውን ዲያሜትር በየትኛው እንደሚለካ እዩት። ካሊፐር ላይ ስኬሉ ያለው ከሚለካው ዕቃ መስመር ውጪ ፈንጠር ብሎ ነው፣ መንጋጋው ትንሽ ዘመም ካለ ንባቡ አብሮ ይሳሳታል፣ ማይክሮሜትር ላይ ግን ስኬሉና ዕቃው በአንድ መስመር ናቸው። ይሄንን ነገር ኧርነስት አቤ የሚባል ጀርመናዊ በ1890 መርህ አድርጎ አስቀምጦታል። አመልካቹ አቤ የሚለውን ስም ባያውቅ ምንም አይደለም፣ ግን "ለምን ካሊፐሩን ተዉት?" ሲባል መንጋጋውን በጣቱ እያነቃነቀ ቢያሳያችሁ ስሙን ሸምድዶ ከመጣው ይሻላል።

አንድ ሌላ ዕቃ ደሞ ልጨምርላችሁ፣ እኔ በጣም የምወደው ፈተና ነው። ማይክሮሜትር ላይ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዲያሜትር የሚሰጥ ግን ክብ ያልሆነ ሻፍት አለ፣ ሦስት ጎን ያለው ድቡልቡል ነገር በሉት፣ መሃል ለመሃል ሳይታሰር በሚሞረድበት ግራይንዲንግ ማሽን ላይ በብዛት ይፈጠራል። ማይክሮሜትሩ የሚነክሰው ሁለት ፊት ለፊት የሆኑ ነጥቦችን ብቻ ስለሆነ ምንም አይታየውም፣ ዕቃው ሄዶ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ነው አልገባ የሚለው። ይሄንን ሻፍት ስጡትና "የሚገጣጥሙት ሰዎች አይገባም ይላሉ፣ ዲያሜትሩ ግን ልክ ነው፣ ምን ይላሉ?" በሉት። ቪ ብሎኩ ላይ አስቀምጦ ኢንዲኬተሩን አናቱ ላይ አሳርፎ በእጁ ቀስ እያለ ሲያዞረው መርፌዋ በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ትላለች። ወደ ቪ ብሎኩ በራሱ የሄደ ሰው ካገኛችሁ ሌላ ብዙ አትጠይቁት። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ እንደዛ አድርጋ መርፌዋ ስትንቀሳቀስ አየችና "ሰዎቹ እውነታቸውን ነው" አለች፣ ሲቪዋ ከሁሉም አጭር ነበር፣ ተቀጠረች፣ ዛሬ ሌሎችን የምታሠለጥነው እሷ ነች።

ከእጅ ሥራው ቀጥሎ ድሮዊንግ ማንበብ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነው የሚወድቀው፣ ጥያቄውን በትክክል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ቦታ የሚጠየቀው የምልክቶቹን ስም ነው፣ ይሄ ምንድነው፣ ይሄስ፣ ፍላትነስ፣ ፐርፐንዲኩላሪቲ፣ ተብሎ ይታለፋል። ይሄንን ማንም በአንድ ሌሊት ይሸመድደዋል። ከዛ ይልቅ አንድ ቀዳዳ ስጡት። የቀዳዳው ዲያሜትር ከ10.00 እስከ 10.10፣ የፖዚሽን ቶለራንሱ (የቀዳዳው ማዕከል ሳይወጣ መቆየት ያለበት ክብ) ዲያሜትር 0.2። ልኬቱ ተወስዶ ማዕከሉ በአንዱ አቅጣጫ 0.08፣ በሌላው 0.07 ፈቀቅ ብሎ ተገኘ በሉት፣ ያልፋል ወይስ አያልፍም? ችኩሉ ሁለቱም ከ0.1 በታች ናቸው ያልፋል ይላል። የሚያውቀው ሁለቱንም በራሳቸው አባዝቶ ይደምርና ስኩዌር ሩቱን ወስዶ ሁለት እጥፍ ያደርገዋል፣ 0.213 ይመጣል፣ ከ0.2 በለጠ፣ አያልፍም ይላል። ሦስተኛው ደሞ ዝም ብሎ ወደ ድሮዊንጉ ይመለስና ከቶለራንሱ አጠገብ ክብ ውስጥ ያለችዋን ኤም (ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር የተፈቀደው ይጨምራል የምትለዋን ምልክት) ያያታል፣ ቀዳዳው ስንት ሆኖ ተለካ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ 10.04 ስትሉት ቀዳዳው ከትንሹ ልክ በ0.04 ስለሰፋ የተፈቀደው 0.24 ሆኗል፣ ስለዚ ያልፋል ይላችኋል። አንድ ቀዳዳ፣ ሦስት መልስ፣ ሦስት የተለያየ ደረጃ ላይ ያለ ሰው። መጀመሪያውና መጨረሻው ሰው ሁለቱም ያልፋል ማለታቸው ነው እንግዲህ መልሱን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ስሙ የምለው ለምን እንደሆነ የሚያሳየው።

የሲኤምኤም ነገር ላይ ብዙ አልቆይም። ቀጣሪዎች የሶፍትዌር ስም ይዘው ይጣበቃሉ፣ የኛን ፕሮግራም ካላወቀ አንፈልግም ይላሉ፣ እኔ ግን ሶፍትዌር በጥቂት ወር ይለመዳል ባይ ነኝ። የማይለመደው ዕቃው ከየትኛው ፊት ተነስቶ እንደሚለካ መገንዘብ ነው። ዕቃውን ስጡትና በየትኛው ፊት ላይ ሦስት ነጥብ፣ በየትኛው ጎን ሁለት፣ በየትኛው አንድ እንደሚነካ በጣቱ ያሳያችሁ፣ ድሮዊንጉ ላይ ያሉትን ዴተሞች (ልኬት የሚነሳባቸውን ፊቶች) በቅደም ተከተል ከተከተለ ገብቶታል። ፕሮቡን (ዕቃውን የሚነካውን የማሽኑን ጫፍ) መቼ መቼ በማረጋገጫ ኳሷ ላይ እንደሚያረጋግጠውም ጠይቁት፣ ጠዋት ብቻ ነው ካለ፣ ፕሮቡ ከዕቃው ጋር ቢጋጭስ በሉት።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ነገር ጠያቂዎቹ ራሳቸው ናቸው። በኛ ሙያ አንድ መሣሪያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሁለት ሦስት ሰው ያንኑ ዕቃ ደጋግሞ እንዲለካ ይደረጋል፣ በሰዎቹና በመሣሪያው ምክንያት የሚመጣው ልዩነት ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ጥሩ ነው ይባላል፣ ከ30 በመቶ በላይ ከሆነ መሣሪያው አይሠራም ተብሎ ይቀመጣል፣ የመኪና ኢንዱስትሪው የሚሠራበት ልክ ይሄ ነው። ኢንተርቪው ፓነል ላይ ግን ይሄንን የሚያስብ የለም። አንዱ ጠያቂ 9 የሰጠውን ሰው ሌላው 4 ይሰጠዋል፣ ከዛ አማካዩን ወስደው 6.5 ብለው ይጽፋሉ፣ ይሄ እኮ ውጤት አይደለም፣ ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር ነው ያዩት ማለት ነው። እባካችሁ ምን ሲያደርግ ስንት ነጥብ እንደሚያገኝ ከኢንተርቪው በፊት ጻፉት፣ ዜሮውን አየ፣ ዕቃውን አጸዳ፣ ከአንድ ቦታ በላይ ለካ፣ ትክክለኛ መሣሪያ መረጠ፣ ያገኘውን በሙሉ ጻፈ። እያንዳንዱ ጠያቂ ከሌላው ሳይመካከር ለብቻው ይሙላ፣ ከዛ ነው ወረቀቶቹ ጎን ለጎን የሚቀመጡት፣ በጣም የተራራቁበት ቦታ ካለ ምን እንዳዩ ይነጋገሩ። አለቃው ቀድሞ "ይሄ ልጅ ደስ ብሎኛል" ካለ በኋላ የሚሞላ ወረቀት ወረቀት አይደለም።

ዕቃውንም ቀድማችሁ ራሳችሁ ለኩት ደሞ። ፓነሉ የዕቃውን ትክክለኛ ልክ ሳያውቅ አመልካቹን ተሳስተሃል ያለበት ቦታ ነበርኩ፣ ድርጅቱን አልጠራም፣ ልጁ ለክቶ 24.985 አለ፣ ድሮዊንጉ 25 ስለሚል አንዱ ጠያቂ ራሱን ነቀነቀ፣ ልጁ ደንግጦ እንደገና ለካ፣ እንደገና 24.985 አለ። ኋላ በጌጅ ብሎክ ሲታይ ልጁ ልክ ነበር። ያ ልጅ ያኔ 25 ቢልላቸው ኖሮ ምን ሊያስቡ ነበር?

ይሄ ወደ ዋናው ጉዳይ ያመጣኛል፣ እምቢ የማለት ጉዳይ። ኢንስፔክተር ላይ የሚመጣው ጫና የሚታወቅ ነው፣ ሺፍቱ ሊያልቅ ነው፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ደንበኛው እየደወለ ነው፣ እና ዕቃው ከልክ በ0.005 ወጥቷል። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ "እስቲ እንደገና ለካው" ይላል፣ እንደገና ማለት እስኪያልፍ ድረስ ለካው ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚ "ዕቃ አይወጣም ብለው ያስቆሙበት ጊዜ ካለ ይንገሩን፣ ማን ምን አለዎት፣ እርስዎ ምን አደረጉ፣ እንዴት አለቀ?" ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። እውነተኛ መልስ ዝርዝር አለው፣ የትኛው ልኬት እንደነበር፣ በሌላ መሣሪያ እንዳረጋገጠ፣ በጽሑፍ ለማን እንዳሳወቀ ይነግራችኋል። "እኔ ሁሌም በኳሊቲ አልደራደርም" ብሎ የሚያልፍ ሰው ግን መፈክር ነው የነገራችሁ፣ አንድ ምሳሌ እስኪሰጣችሁ አትልቀቁት። አስቁሞ አያውቅ ከሆነ ደሞ ለምን እንደሆነ ይንገራችሁ፣ አዲስ ተመራቂ ከሆነ የተፈጠረ ሁኔታ ስጡትና ምን እንደሚያደርግ ያስረዳችሁ።

የሀብል ቴሌስኮፕን ታሪክ ኢንስፔክተር የሚቀጥር ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። በሚያዝያ 1990 ጠፈር ላይ ከወጣ በኋላ ምስሉ ደብዛዛ ሆኖ ተገኘ። 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት በጣም በጥንቃቄ ተሞርዶ ነበር፣ ችግሩ የተሞረደው በተሳሳተ ቅርፅ መሆኑ ነው፣ ጠርዙ ላይ በ0.002 ሚሊሜትር ገደማ ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ ሆኗል። ምክንያቱ የቅርፁ መለኪያ የነበረው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ ከቦታው በ1.3 ሚሊሜትር መራቁ ነው። የሚያሳዝነው ደሞ መስታወቱ ገና መሬት ላይ እያለ ሌሎች ቀለል ያሉ ልኬቶች ስህተት እንዳለ አሳይተው ነበር፣ ግን ዋናው መሣሪያ ይበልጣል፣ እነዚህ ያን ያህል ትክክል አይደሉም ተብሎ ታለፉ። በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ሄደው የማስተካከያ ዕቃ እስኪገጥሙለት ድረስ እንደዛው ነበር። ሁለት ልኬት አልስማማ ሲል ደስ ያላለንን መጣል አይቻልም፣ ለምን እንዳልተስማሙ እስኪታወቅ ሥራው ይቆማል። ኢንተርቪው ላይም ይሄንኑ መጠየቅ ይቻላል፣ "ሲኤምኤሙ ያልፋል ይላል፣ የእጅ ማይክሮሜትሩ አያልፍም ይላል፣ ማንን ያምናሉ?" አንዱን ወዲያው የሚመርጥ ሰው ያሳስበኛል፣ ትልቁን ማሽን የመረጠ ደሞ የበለጠ ያሳስበኛል።

ቀጣሪዎችም ግን ለዚህ ሰው መልስ ሊኖራቸው ይገባል። እምቢ የሚል ሰው እንፈልጋለን እያሉ ኢንስፔክተሩን በፕሮዳክሽን ማናጀር ሥር የሚያስቀምጡ አሉ፣ ማናጀሩ በወር ስንት ዕቃ ወጣ በሚል ነው ቦነስ የሚያገኘው፣ ኢንስፔክተሩ እንዴት ብሎ ነው ታዲያ እምቢ የሚለው? ለአመልካቾችም ስለዚ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፣ መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለዎት?" ሲባል ስለ ዓመት እረፍት ብቻ ጠይቃችሁ አትውጡ። የምሠራው በማን ሥር ነው በሉ። ከልክ የወጣ ዕቃ ይለፍ ብሎ የሚፈርመው ማነው፣ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል በሉ። መሣሪያዎቹ መጨረሻ ካሊብሬት የተደረጉት (ትክክለኛነታቸው የተፈተሸው) መቼ እንደሆነ ጠይቁ፣ የልኬት ክፍሉን ልየው በሉ፣ ከቻላችሁ አንድ ማይክሮሜትር አንሱና የተለጠፈበትን ቀን አንብቡ። ቀኑ ካለፈ፣ ክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር ከሌለ፣ ጌጅ ብሎኮቹ ዝገው መሳቢያ ውስጥ ከብሎን ጋር ተቀላቅለው ከተቀመጡ፣ ድርጅቱ ስለ ኳሊቲ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ክፍያውንም ሳልነካው አላልፍም። ብዙ ቦታ ኢንስፔክተር ማሽኑ ላይ ከሚሠራው ባለሙያ ያነሰ ነው የሚከፈለው፣ ስለዚ ጎበዙ ማሽኒስት ወደ ልኬት መምጣት አይፈልግም፣ ከመጣም ወገቡን አሞት ወይም ዕድሜው ገፍቶ ነው። እኔ ግን ካየኋቸው ምርጥ ኢንስፔክተሮች ብዙዎቹ ማሽን ላይ የነበሩ ናቸው፣ ዕቃው ላይ ያለችውን መስመር አይተው ቢላው ደንዟል ወይ ማሰሪያው ላልቷል ብለው ይነግሯችኋል፣ ስክራፕ ከመሆኑ በፊት። እነሱን ወረቀት የላቸውም ብሎ በር ላይ መመለስ ትልቅ ጥፋት ነው። ሒሳቡ ላይ ደከም ቢሉ ይማሩታል፣ ፈተናው ላይ ካልኩሌተር ስጧቸው። ኮሌጅ ጨርሶ የመጣውም ደሞ እጁ ገና ስለሆነ ብቻ አይናቅ፣ የሚጠይቅ፣ ያላወቀውን አላውቀውም የሚል፣ ሲያሳዩት ሁለተኛ ጊዜ የሚያስተካክል ከሆነ ያ ሰው ይሠራል። ለዚህም ብዬ ነው ፈተናው መሃል ላይ ሆን ብላችሁ አንድ ነገር አስተካክሉት የምለው፣ ማይክሮሜትር አያያዙን ለምሳሌ፣ ከዛ ሌላ ዕቃ ስጡትና ያሳያችሁትን ወሰደው ወይስ ወደ ድሮው ተመለሰ እዩ።

መጨረሻ የምጠይቀው ላልተቀጠሩት ነው። ሰው መሣሪያ ይዞ ፊታችሁ አርባ ደቂቃ ከለካላችሁ በኋላ በዝምታ ማስቀረት ነውር ነው። ያላለፈውን ሰው በዛው ሳምንት ደውሉለትና ዕቃው በትክክል ስንት እንደነበር፣ እሱ ስንት እንዳለ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ንገሩት፣ ዜሮውን ሳያዩ ነው የጀመሩት፣ ወይም ቀዳዳውን በካሊፐር ነው የለኩት በሉት። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እና በሚቀጥለው ዓመት ያው ሰው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ የኳሊቲ ባለሙያ